የዲቃላዋ መኪና ዋጋ

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ነገሩ አንጀቴ ድረስ የገባኝ ግን በ2017 ዓ.ም. መኪና የገዛሁ ጊዜ ነው። በቅሎና መኪናን ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ።

የምንኖረው ወሰን ነው። ከወሰን ግሮሰሪ ፈንጠር ብሎ ኮብልስቶኑን ተከትለው ሲወጡ የሚገኝ ግቢ ውስጥ። ከጓሯችን በኩል የእንጦጦ ተራራ ባሕር ዛፉን ለብሶ ይታያል። ግቢው አራት ተከራይ፣ አንድ ሮቶ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪና አንዲት አከራይ አለው። አከራያችን በዕድሜ የገፉ፣ አንደበታቸው ግን ያላረጀ ሴት ናቸው። መኪናዋን መጀመሪያ ያመጣሁ ዕለት ቅዳሜ ቀን ነበር። እሳቸው ግቢው መሐል በርበሬ አስጥተው ይጠብቃሉ። መኪናዋ ኮሽ ሳትል ገብታ አጠገባቸው ስትደርስ ደንገጥ ብለው ዘወር አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ገና ከመግዛትህ ሞተሩ ጠፋብህ? ማነው ከኋላ የሚገፋህ?»

«አልጠፋም እማማ። አሁን የምትሄደው በኤሌክትሪክ ነው።»

«እንዲህ ነው! ታዲያ ቤንዚን የሚባል አትጠጣም በለኛ።»

«ትጠጣለች። ሁለቱም አላት። ሲያሻት በዚህ፣ ሲያሻት በዚያ ትሄዳለች።»

አከራያችን በርበሬያቸውን መለስ መለስ እያደረጉ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ዲቃላ ናታ!» ብለው ሣቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ በግቢያችን ስሟ «ዲቃላዋ» ሆኖ ቀረ።

በእርግጥ ሃይብሪድ የሚባለውን ቃል ከዚህ የተሻለ የሚፈታው አማርኛ አላገኘሁም። ዲቃላ ለሰው ሲሆን ስድብ ነው፤ ለላም ሲሆን ሙገሳ ነው፤ ለበቆሎ ሲሆን ምርጥ ዘር ነው። በቅሎም ዲቃላ ናት። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለአጤ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ ይዞ እስኪመጣ ጊዜ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን፣ የአገራችን መኳንንት ለክብር የሚቀመጡት በበቅሎ ላይ ነበር። ስለዚህ ዲቃላ መንዳት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው ነገር የዋጋው ነው።

እኔ ለመጽሔትና ለጋዜጣ በየጽሑፉ እየተከፈለኝ የምኖር ሰው ነኝ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለኝ፣ ቋሚ ደመወዝ የለኝም። ባለቤቴ ባንክ ትሠራለች፤ ቤታችን በእሷ ይቆማል ብል ማጋነን አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. በ380 ሺህ ብር የገዛናት አሮጌ ቪትዝ ነበረችን። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ በእኛ አገር ግን እንደ መሬት ይወጣል። ቪትዟን ስድስት ዓመት ነድተን፣ አንድ ጊዜ አጋጭተን፣ ሁለት ጊዜ ሞተሯን አስፈትተን፣ በ2017 ዓ.ም. በ1 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር ሸጥናት። የገዛን ሰው አመስግኖን ሄደ።

ይህ ተአምር የመጣው ከሰማይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1186፣ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ፣ የሚገባው የኤሌክትሪክ ብቻ እንደሚሆን መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዋዜማው አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው፣ ወራት ሳይቆጠሩ ከመቶ አለፈ። ቀድሞ የገባ መኪና ሁሉ በቆመበት ከበረ። በር ላይ ሸራ ለብሶ የሚያንቀላፋ መኪና እንኳ ሌሊቱን ዋጋው ሲጨምር ያድር ነበር።

ነዳጁም የራሱ መንገድ አለው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ቪትዟን ልንሸጥ የወሰንነውም ያን ሰሞን ነው። ባለቤቴ ካልኩሌተሯን ይዛ ተቀመጠችና፣ «ወይ በሚኒባስ እንሂድ፣ ወይ ትንሽ የምትጠጣ እንግዛ» አለች። ከመገናኛ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የካራ ታክሲ ተጋፍቶ የያዘ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ለምን እንዳልጸና ያውቃል።

ታዲያ የኤሌክትሪክ መኪና ለምን አልገዛችሁም የሚል አይጠፋም። ወዳጆቼም ጠይቀውኛል። መልሱ አጭር ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ለመሆን መጀመሪያ የቤት ባለቤት መሆን ያስፈልጋል። አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚካፈልበት ግቢ፣ ማታ ማታ ገመድ ስቤ መኪና ሳስሞላ ብታይ፣ የሦስተኛው ክፍል ተከራይ ምን እንደሚለኝ አላጣሁትም። ለምጣድ እንኳ ተራ እንይዛለን። መብራት በሄደ ቀንስ? ስለዚህ ከመንግሥት ሶኬት የማትጠብቅ፣ ከነዳጅ ማደያም የማትቆራኝ፣ የሁለቱንም ደጅ በመጠኑ የምትረግጥ መኪና ፈለግን። ነገሩን ካሰቡት ቤታችን ራሱ እንዲሁ ነው። ምጣዱ በኤሌክትሪክ ነው፣ አጠገቡ ግን የከሰል ምድጃው ተቀምጧል። አምፖሉ ሥር ሻማ አለ። ቧንቧው አጠገብ ሮቶ ቆሟል። አንዱን ብቻ አምኖ የሚያድር የአዲስ አበባ ሰው የለም።

ደላላው በስልክ ዋጋ አልነገረኝም። «ወንድሜ፣ ዋጋ በስልክ አይወራም፤ መጀመሪያ ዓይንህ ይያት» አለኝ። መገናኛ ተገናኝተን ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወሰደኝ። በሩን የከፈቱልን ጥቁር የለበሱ፣ ወደ ሰባዎቹ የተጠጉ እናት ናቸው። መኪናዋ ግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች። የጃፓን ሥሪት ናት፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ 61 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። በእኛ ገበያ ይህ አዲስ ይባላል። የሟች ባለቤታቸው ንብረት ነበረች። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም።

እኔም እንደ ደንቡ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ፣ ኮፈኑን ከፍቼ የማላውቀውን ነገር አየሁ፣ ሊብሬውን አገላበጥኩ፣ የሻንሲ ቁጥሩን አመሳከርኩ። ከዚያ ቡና ቀረበልንና ወደ ነገራችን ገባን።

«የመጨረሻው ስንት ነው እማማ?»

«ሁለት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ» አሉ። ዋጋውን የተናገሩት የሰው ስም እንደሚጠራ ሰው ነው፤ የሚጨመር የሚቀነስ ነገር ያለው አይመስልም።

ደላላው ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ወጣ አደረገኝ። «ለልጃቸው የቤት ቅድመ ክፍያ እስከ ሰኞ ይፈልጋሉ። ዝም ብለህ ያዝ፤ ይወርዳሉ» ሲል አንሾካሾከልኝ። ቆየት ብሎ እሳቸውንም ወደ ጓዳ ጠርቶ ሲያናግራቸው አየሁ። «ገንዘቡ በእጁ ነው፣ እንዳያመልጥዎ ማዘር» እንዳላቸው አልጠራጠርም። ደላላ ማለት በሁለት በኩል የተሳለ ቢላዋ ነው፤ ኮሚሽኑም ከሁለቱም ወገን ነው።

እንግዲህ በወጉ ተከራከርን። እኔ ስቀንስ እሳቸው ሲመልሱ፣ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ላይ ደረሱ። ይህ ሃምሳ ሺህ ብር የገበያ ነው፤ ማንም በማንም ላይ አይቀየምበትም። እዚህ ላይ እጄን ዘርግቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

እኔ ግን ደላላው ያለኝን አሰብኩ። ሰኞ ቅርብ ነው። እንዲህ አልኩ፦ «እማማ፣ የእንዲህ ያለ መኪና ችግሩ ባትሪው ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ትልቁ ባትሪ አምስት ዓመት ከሞላው ማለቁ ነው። አዲሱ ደግሞ እዚህ አገር አይገኝም፤ ቢገኝም የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ይበላል።»

እሳቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እውነት ነው?» ብለው የጠየቁት ደላላውን ሳይሆን እኔን ነው።

«አንድ ጓደኛዬ ገጥሞታል፤ መኪናውን አቁሞ ነው የቀረው» አልኩ።

ሃይብሪድ መኪና ያለው ጓደኛ የለኝም። ባትሪው ይዳከም አይዳከም አላውቅም ነበር። በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሳምንት የተማርነው ያላረጋገጥከውን አትበል የሚለውን ነው። እኔም ለዓመታት ይህን ደንብ በወረቀት ላይ አክብሬያለሁ። በገበያ ላይ እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገረኝም፤ ወይም እኔ አልጠየቅሁም።

እናትዮዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና፣ «እንግዲህ አንተ የምታውቀውን ንገረኝ» አሉ። ነገርኳቸው። በ2 ሚሊዮን 570 ሺህ ብር ተስማማን።

ሰኞ ጠዋት ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረምን። ከቪትዟ ሽያጭ፣ ከባለቤቴ የባንክ የሠራተኛ ብድር፣ ከእቁብና ከጥቂት ወርቅ የተሰበሰበው ገንዘብ ከእኛ ሒሳብ ወጥቶ ወደ እሳቸው ሒሳብ ገባ። ቁልፉን ሲሰጡኝ ከቦርሳቸው አንድ ሰማያዊ የተማሪ ደብተር አብረው አወጡ። «የእሱ ነው። ስለ መኪናዋ የሚጽፍበት ነበር፤ ይጠቅምህ ይሆናል» አሉኝ። አመስግኜ መኪናዋ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ ላገኘሁት ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር ሆነ። «በጥሩ ዋጋ አገኘኋት!» ዘመድ ይመርቀኛል፣ ጓደኛ ይቀናል። በቅሎዋም ፈረስ አጎቴ ነው ስትል እንዲህ ሳይመርቋት አይቀሩም። ስለ አህያው ግን የሚጠይቅ ሰው አልገጠመኝም።

መኪናዋን ግን ወደድኳት። መውደድ ሲባል እንዲያው አይደለም። ከሌሎች መኪኖች የምትለየው በጠባይዋ ነው። የሌላው መኪና ሞተር መገናኛ ላይ ተቆልፎ ቆሞ ቤንዚን ይጠጣል፤ የእሷ ሞተር ዝም ይላል። የተጨናነቀ መንገድ ለሌላው እርግማን ሲሆን ለእሷ ቁጠባ ነው። እንዲያውም ከከተማ ውጭ በፍጥነት ሲነዷት ጥቅሟ ያንሳል፣ ከተማ ውስጥ እየቆሙ ሲሄዱ ይበዛል።

ከሁሉ የገረመኝ ቁልቁለቱ ነው። በሌላ መኪና ፍሬን ሲያዝ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ አየር ላይ ይቀራል። በዚህችኛዋ ፍሬን ሲነካ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ዲናሞነት ተለውጦ፣ ሊባክን የነበረውን ጉልበት ባትሪ ውስጥ ያጠራቅማል። ከካራ ወደ ኮተቤ፣ ከኮተቤ ወደ መገናኛ ስወርድ፣ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ሥዕል ቀስ በቀስ ይሞላል። የወጣሁበትን ዳገት ዋጋ በከፊል ቁልቁለቱ ይመልስልኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ያለች፣ የእንጦጦ አናቷ ከ3 ሺህ ሜትር የሚያልፍ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪኩ ግን አየር አይተነፍስምና ከፍታ አይሰማውም። ዳገቱን ሲወጡ አንዱ ሲደክም ሌላው ያግዘዋል። አንድ እሑድ ባለቤቴንና አከራያችንን ይዤ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥተን ስንወርድ ባትሪው ከግማሽ መንገድ በፊት ጢም ብሎ ሞላ። ከዚያ በኋላ ማርሹን «ቢ» የሚለው ላይ አድርጌ ሞተሩ እንዲይዛት ማድረግ ነበረብኝ። እማማ «ጠግባ እምቢ አለች በለኛ» አሉ።

ጉድለት የላትም አልልም። ድምፅ ስለሌላት ኮብልስቶኑ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ሕፃናት አይሰሟትም። ክላክስ ማብዛት ስለማልወድ መስኮት አውርጄ «ልጆች!» እያልኩ ነው የማልፈው። የሰፈራችን መካኒክም ኮፈኗን ከፍቶ ብርቱካን ቀለም ያለውን ወፍራም የኤሌክትሪክ መስመር ሲያይ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ትክክል አድርጓል፤ እዚያ መስመር ውስጥ ያለው ኃይል ቀልድ አያውቅም።

ሰኔ ላይ አንድ ማታ ዝናብ መገናኛን አጥለቅልቆ፣ መኪና ሁሉ ባለበት ቆሞ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። የስልኬ ባትሪ ሞቷል። የማደርገው ባጣ የመኪናዋን ኪስ ስጎረጉር ያ ሰማያዊ ደብተር እጄ ገባ።

የመምህር እጅ ነው፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ቁጥሩ የተደረደረ። ቀን፣ ሊትር፣ ኪሎ ሜትር፣ አማካይ። «ኅዳር 4፤ 31.5 ሊትር፤ 668 ኪ.ሜ.፤ 21.2።» ገጽ በገጽ እንዲሁ ይቀጥላል። በየሦስት ወሩ ደግሞ አንድ መስመር አለ፤ «የባትሪው ማናፈሻ ወንፊት ተጠረገ።» ይህን ያነበብኩ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። በኋላ ወንበር ጎን ትንሽ ወንፊት አለች፤ ትልቁ ባትሪ በእሷ በኩል እየተነፈሰ ይቀዘቅዛል፣ በአቧራ ከተደፈነች ባትሪው ይግልና ዕድሜው ያጥራል። እኔ አምስት ወር ሙሉ ቦርሳዬን ደግፌባት ነበር። መምህሩ ባትሪውን እንደ ሕፃን ነው የጠበቁት።

የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ የጋራዥ ወረቀት በስቴፕለር ተያይዟል። ባትሪው በመሣሪያ ተፈትሿል፣ አንዱም ክፍል አልተዳከመም ይላል። ከሥሩ በዚያው እጅ፣ ግን ትንሽ በተንቀጠቀጠ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ «ባትሪው ጤነኛ ነው። መሸጥ ግድ ከሆነ ይህ ወረቀት ይታይ።»

ከኋላዬ ያሉት ክላክሳቸውን ሲያንባርቁብኝ ነው መንገዱ መከፈቱን ያወቅሁት።

ያን ሌሊት ለባለቤቴ ነገርኳት። ጓደኛዬ ገጥሞታል ያልኩትንም ጭምር። እሷ ያንን አልሰማችም ነበር። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ስንት ነው?» አለች፤ የባንክ ሰው ናት።

ተቀምጠን አሰላን። ሃምሳ ሺው የገበያ ነው፣ ይለፍ። በባትሪው ሰበብ የወረደው 130 ሺህ ብር ነው። ቪትዟ ከተማ ውስጥ በሊትር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄድ ነበር፣ ይህች ሃያ አንድ ትሄዳለች። በወር አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እንነዳለን። ልዩነቱ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት ሊትር ነው። መኪናዋን በገዛንበት ወር በነበረው የቤንዚን ዋጋ ሲመታ፣ 3 ሺህ 600 ብር ያህል በወር ይተርፈናል። 130 ሺህ ለ3 ሺህ 600 ሲካፈል ሠላሳ ስድስት ወር ይመጣል። እንግዲህ መኪናዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ዳገት ቁልቁለት ብላ የምታተርፍልኝን፣ እኔ አንዲት ጥቁር ከለበሱ እናት ላይ በአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ወስጄዋለሁ ማለት ነው።

ለመሄድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ምክንያት አላጣሁም፤ ክረምቱ ነው፣ ሥራው ነው፣ ጾሙ ነው። በነሐሴ ግን ውሉ ላይ ባለው ስልክ ደውዬ ሄድኩ። እናትዮዋ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ጥቁሩን አውልቀዋል። መኪናዋን አይተው ጣራዋን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉ፤ ከዚያ ገና ሳልቀመጥ፦

«ባትሪው እንዴት ሆነ ልጄ?» አሉኝ።

አፌ ተያዘ። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ሲያሳስበኝ ነው የከረመው። አንተ እያወቅህ ገዛኸኝ፣ እኔ ግን የሚያልቅ ነገር ለሰው ልጅ ሸጥኩ እያልኩ። ልጄንም ደውዪለትና ጠይቂው ብያት ነበር፤ ምን አገባሽ አለችኝ። አስለወጥከው?»

መኪና ስነዳ የምፈራው ከፊት የሚመጣውን ነበር። ይህ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። በውሸቴ ገንዘባቸውን ብቻ የወሰድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰባት ወር ሙሉ በእኔ ጥፋት እሳቸው ሲጸጸቱ ኖረዋል።

ደብተሩን ከፍቼ የመጨረሻውን ገጽ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። «ልከፍተው አልቻልኩም ነበር። እጁ ነዋ» አሉ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጓደኛ እንደሌለኝ፣ ስለ ባትሪው ምንም እንደማላውቅ፣ ሰኞን አስቤ እንደተናገርኩት። የቀነሱልኝን ልመልስ እንደመጣሁ፣ ባንዴ ግን እንደማልችል ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ። ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ሽፋኑን ሲያሻሹት ቆዩና፣ «እኔ መኪና አላውቅም። ሰው ግን አውቃለሁ ብዬ ነበር» አሉ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ይቅር፣ ገበያ ነው ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እውነቱን ለመናገር እንዲሉኝም ሳልመኝ አልቀረሁም። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «መልካም፣ ክፈል። የልጄን የባንክ ቁጥር እሰጥሃለሁ፤ የቤቱ ዕዳ አላለቀላትም» አሉ። ደብተሩን ልመልስላቸው ስዘረጋ የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ ነቅለው ወሰዱ። የቀረውን «ከመኪናዋ ጋር ይሁን» ብለው ሰጡኝ።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ 3 ሺህ 600 ብር እልካለሁ። ቤንዚን በጨመረ ቁጥር መኪናዋ የምታተርፍልን ይጨምራል፤ ልዩነቱን ባለቤቴ ለጎማ ትይዘዋለች። ሠላሳ ስድስት ጊዜ ተከፍሎ አራት መቶ ብር ይጎድላል፤ እሱን በመጨረሻው ወር እጨምራለሁ። ይህን የጻፍኩት ልመሰገንበት አይደለም። የሰው ገንዘብ የሚመልስ ሰው ምስጋና አይገባውም። የጻፍኩት «በጥሩ ዋጋ አገኘኋት» ስል የሰማኝ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው፤ የዚህኛውን ወሬ ግን የሰማ የለም።

አሁን ደብተሩን እኔ ነኝ የምጽፍበት። ማደያ በሄድኩ ቁጥር ቀን፣ ሊትር፣ ኪሎ ሜትር፣ አማካይ። በየሦስት ወሩ ወንፊቷን እጠርጋለሁ፤ የወሰን አቧራ አይጣል ነው። በቀኝ በኩል አንድ ዓምድ ጨምሬ በማስመሪያ አስምሬያለሁ። እንደ መምህሩ ባይቀናልኝም ይነበባል። እስካሁን አምስት መስመር ሞልቷል፣ ሠላሳ አንድ ይቀረዋል።